የድሬዳዋው የባቡር ወርክሾፕ ሳይበተን መዝግቡልን
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የድሬዳዋ የምድር ባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ ከነመሣሪያዎቹና ከነባለሙያዎቹ እውቀት በቅርስነት እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

የአያቴ ሥራ በእንፋሎቱ ባቡር ላይ እሳት ማንደድ ነበር። አባቴም በድሬዳዋው ወርክሾፕ የቶርኖ (ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ማሽን) ሠራተኛ ሆኖ አርጅቶ ነው ጡረታ የወጣው። እኔ በሌላ ሙያ ብኖርም ያደግኩት በምድር ባቡር ደመወዝ ነውና ስለዚህ ግቢ ዝም ብል ዕዳ ይሆንብኛል።

ታሪኩን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለሌላው አንባቢ ያህል ላስታውስ። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድና ውድ ሆኖ በመገኘቱ ሐዲዱ በቆላው በኩል ዞሮ በ1895 እኛ ሜዳ ላይ ደረሰ። ሐረር ባቡሩን ስታጣ ድሬዳዋ ተወለደች፤ መጀመሪያ የተሰጣት ስም እንኳ «አዲስ ሐረር» ነበር። ከዚያ ኩባንያው ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። በሌላ ኩባንያ እንደገና ተጀምሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ።

ያንን ሁሉ ዳገት ባቡሩ የወጣው በእንፋሎት ነው። አያቴ ስለ ሥራው ሲያወራ ስለ ፍጥነት ተናግሮ አያውቅም፤ ወሬው ሁሉ ስለ ውሃ ነበር። ባቡሩ ውሃ ይጠጣል፣ የሚያልፍበት አገር ግን ደረቅ ነው። ከፊቱ ባለች የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የቦይለሩ (ውሃ እየፈላ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን) ውሃ ከፍታ ይታያል፤ ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም ነበር። ውሃው ከምድጃው ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ ይግልና ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ከቀኝ ክርኑ በታች አንድ ፀጉር አልነበረውም፤ የምድጃው በር በተከፈተ ቁጥር እየለበለበው ነው የጠፋው። ልጅ ሆኜ ያንን ክንድ እየዳበስኩ ነው ታሪኩን የሰማሁት። ዛሬ መኪና የሚነዳውን ሁሉ «ሹፌር» እንላለን፤ የቃሉ መነሻ በፈረንሳይኛ «የሚያሞቅ» ማለት ነው፤ በእንፋሎት ዘመን እንደ አያቴ ያለው እሳት አንዳጅ የሚጠራበት ስም ነበር።

በኋላ ናፍጣው መጣና እሳቱ ጠፋ፤ ወርክሾፑ ግን አልቆመም። አባቴ የፉርጎ ጎማ በቶርኖ ያስተካክል ነበር። ጎማው ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት በትንሽ መዶሻ መታ አድርጎ ጆሮውን ያዘነብላል። ድምፁ ጥርት ብሎ ከረዘመ ደህና ነው፤ ደንዝዞ ከቀረ ውስጡ ተሰንጥቋል። እናቴ ገበያ ምጣድ ስትገዛ በጣቷ እንደምታንኳኳው ማለት ነው። ቅዳሜ ምሳ ይዤለት ስሄድ ሁለት ጎማ እየመታ «የትኛው ነው የታመመው?» ይለኝ ነበር። ለማወቅ ብዙ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

ባለፈው ዓመት ተፈቅዶልኝ ገብቼ ነበር። የአባቴ ቶርኖ እዚያው ቦታው ላይ አለ። እጀታው በእጅ ብዛት ለስልሶ ያበራል፤ ከላዩ አቧራ ተኝቶበታል። ይዞኝ የዞረው ሽማግሌ የቀድሞ የአባቴ ረዳት ነው። እያንዳንዱን ማሽን በፈረንሳይኛ ስሙ እየጠራ፣ ምን እንደሚሠራበት፣ ማን ይሠራበት እንደነበር ነገረኝ። እሱ የሚያውቀውን የጻፈለት ሰው የለም። ማስታወሻ ደብተር ሳልይዝ በመሄዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስጋቴን በግልጽ ልናገር። አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ብዙዎቻችን ተደስተናል፤ አሁንም ደስ ይለናል። ነገር ግን የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሮጌው 1 ሜትር ብቻ። ስለዚህ የድሮው ባቡር በአዲሱ መንገድ ሊሄድ አይችልም። ሥራ የሌለው ብረት ደግሞ በኪሎ የሚገዛው አያጣም። አንዱ ማሽን ለሙዚየም፣ ሌላው ለሽያጭ፣ ሕንፃው ለመጋዘን ቢሰጥ ሁሉም ነገር «ተጠብቋል» ሊባል ይችላል፤ ወርክሾፑ ግን ጠፋ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተንቀሳቃሽና የማይንቀሳቀስ ቅርስ ብሎ ይለያል። ይህ ቦታ ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ነው። ቶርኖው ከወለሉ ሲነቀል ትርጉሙ አብሮ ይነቀላል።

የጎረቤታችንን ተሞክሮ እዩልን። የምፅዋ–አስመራ መስመር በጦርነቱ ፈርሶ፣ ሐዲዱ ለምሽግ ተወስዶ ነበር። ከነፃነት በኋላ ኤርትራውያን ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎችን ጠርተው መልሰው ሠሩት፤ የእንፋሎት ባቡሮቻቸውም እንደገና ጭስ አወጡ። ያ የሆነው በባቡሩ ላይ የሠሩት ሰዎች በሕይወት ስለነበሩ ነው። የእኛም ጥቂቶቹ አሁን አሉ፤ ግን በየጊዜው ወደ ቀብራቸው እየሄድን ነው።

ስለዚህ ልመናዬ መጀመሪያ ስለ ሰዎቹ ነው። አንድ ባለሙያ መቅረጸ ድምፅና ካሜራ ይዞ ይምጣ፤ ሽማግሌዎቹን እቤታቸው ሳይሆን በየማሽናቸው አጠገብ አቁሞ ያናግራቸው። ከዚያ እያንዳንዱ መሣሪያ ባለበት ቦታ ቁጥር ይሰጠው፤ በፈረንሳይኛ የተጻፉት መዝገቦችና ንድፎች ከምስጥ ይዳኑ። ግቢው በሳምንት ሁለት ቀን ለጎብኚ ቢከፈት አስጎብኚ መፈለግ አያስፈልግም፤ ጡረተኞቹ አሉ። አንድ ባቡር ተጠግኖ ባለው ሐዲድ ላይ አጭር መንገድ ቢሄድ ደግሞ የከዚራ ሰፈር ልጆች በሩጫ ይከተሉት ነበር። እሱ ግን ገንዘብና ጊዜ ስለሚፈልግ ምዝገባውን እንዳያዘገየው እለምናለሁ።

ትዝታው ሁሉ ጣፋጭ እንዳልሆነም አውቃለሁ። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ በደረሰው አደጋ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። እዚህ ከተማ ያንን ቀን የሚያስታውስ ሰው አሁንም አለ። መዝገቡ ሲከፈት የሟቾቹም ነገር ይጻፍ።

የአባቴ መዶሻ እቤቴ አለ፤ እንጨቱ አንዴ ተቀይሯል እንጂ ብረቱ የዱሮው ነው። መዝጋቢዎቹ የሚመጡበትን ቀን ብቻ አሳውቁኝ፤ ይዤው ከወርክሾፑ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ