«ታብሌት ይገዛልን» የሚል ማመልከቻ ለምን ይወድቃል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ታብሌት ሲታደል የርክክቡ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ደግ ነገር ነው። ከፎቶው በኋላ ያለው ስለማይጻፍ ግን ወላጅም ለጋሽም ገንዘብ የሚፈልገው ዕቃው ብቻ ይመስለዋል። እኛ በንግግር ሕክምናና በልዩ ፍላጎት ትምህርት ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን፤ የድጋፍ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ሌሎች የጻፉትንም እናያለን። ተመልሰው የሚመጡትን ስናገላብጥ ደጋግመን የምናገኘው «ለልጃችን ታብሌት ይገዛልን» የሚል መነሻ ነው።

ገምጋሚው «ታብሌት» የሚለውን ሲያነብ በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ፊልም ማያ ነው። የሚጠየቀው ግን ድምፅ አውጪ የመግባቢያ መሣሪያ ነው፤ ልጁ ሥዕል ወይም ቃል ሲነካ የሚናገርለት። ማመልከቻው በዚህ ስም ይጥራው። ስም መቀየር ብቻውን ስለማይበቃ መሣሪያው ለዚሁ ሥራ ብቻ እንደሚውልም ይግለጽ፤ አይፓድ ከሆነ ስክሪኑን አንድ አፕ ላይ የሚቆልፈው «ጋይድድ አክሰስ»፣ አንድሮይድ ከሆነ ተመሳሳዩ ቅንብር እንደሚበራ ይጻፍ። ለሌላም ነገር የሚያገለግል መሣሪያ ጭራሽ የማይሸፍኑ የመድን ድርጅቶች አሉና ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ከብዙ ልፋት ያድናል።

የሐኪም ማስረጃ አያይዞ ሌላውን መተውም የተለመደ ነው። ወረቀቱ ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ይመሰክራል እንጂ ዛሬ እንዴት እንደሚግባባ፣ የት ላይ እንደሚያቅተው አይናገርም። ወሳኙ ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ቤትም ትምህርት ቤትም ለአምስት ቀን ይመዝገብ፤ ልጁ ምን ፈለገ፣ በምን ጠየቀ (እጅ ጎትቶ፣ ጠቁሞ፣ ጮኾ፣ በቃል)፣ ሰው ገባው ወይ፣ ካልገባው ምን ተከተለ። «መናገር ይቸግረዋል» ከሚል አንድ መስመር ይልቅ፣ ለምሳሌ «በአምስት ቀን 84 ጊዜ ጠየቀ፤ 51ዱን ማንም አልተረዳለትም፤ ከነዚያ ውስጥ 19 ጊዜ እጁን ነከሰ» የሚል መዝገብ ገምጋሚውን ያስቆመዋል።

ቀጥሎ ሙከራ ያስፈልጋል። መሣሪያው በውሰት ተገኝቶ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይሞከር፤ ልጁ ሳይታገዝ ስንት ጊዜ ተጠቀመበት፣ እጁ ተይዞ ስንት ጊዜ፣ ተለይቶ ይቆጠር። ርካሹ አማራጭም አብሮ መሞከር አለበት። ልጁ ሥዕል እየጠቆመ የሚግባባበት የሥዕል ደብተር ለምን እንዳልበቃ ያልተገለጸበት ማመልከቻ «በርካሹ ይሞከር» ተብሎ ይመለሳል። ምክንያቱ በግልጽ ይቀመጥ፤ ሥዕሉ ሲበዛ ገጽ ማገላበጡ ልጁን ያሰለቸዋል፣ ደብተሩ ድምፅ ስለሌለው ጀርባዋን የሰጠችን መምህር መጥራት አይቻልም። ደብተሩ በቅቶ ከተገኘ ደግሞ እሰየው፤ ያኔ የሚጠየቀው የሕትመት፣ የላሚኔሽንና የሥልጠና ገንዘብ ነው።

በጀቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ድጋፉ ከተፈቀደም በኋላ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ዕቃውና አፑ ሁለት መስመር ናቸው። አፑ አንዴ ተከፍሎበት የሚያልቅ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚታደስ? የሚታደስ ከሆነ ቢያንስ የሦስት ዓመቱ ይካተት፤ አለበለዚያ በሁለተኛው ዓመት ልጁ አንድ ጠዋት ሲነካው ዝም ይለዋል። ሲወድቅ የሚችል ወፍራም ከቨር፣ የትከሻ ማንገቻ፣ የስክሪን መከላከያ፣ ትርፍ ቻርጀር፣ ሜዳ ላይ እንዲሰማ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይጨመር። ቀድሞ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ የቻርጀሩ መሰኪያ ነው፤ መሣሪያው ተሰክቶ ሳለ ልጁ ይዞት ብድግ ይላላ! የጥገና ገንዘብ ስለዚህ ቅንጦት አይደለም። ከሁሉ በላይ የሰው ሰዓት በጀት ይያዝለት፤ ቃላቱን የሚያዘጋጅ ባለሙያ፣ ለወላጆችና ለመምህራን ሥልጠና፣ በየወሩ የሚመጣ ክትትል። ለጋሾች ይህን መስመር መሰረዝ ይቀናቸዋል። ከተሰረዘ ዕቃው መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር በደብዳቤው በግልጽ ይነገራቸው።

የአማርኛው ጉዳይ ለብቻው ሥራ አለው። አብዛኛው አፕ የተሠራው ቃል ከቃል እየተቀጠለ ለሚነገር ቋንቋ ነው። እንዳለ ከተተረጎመ ልጁ ሦስት ሥዕል ነክቶ «እኔ መፈለግ ውኃ» ይወጣለታል። የኛ ግሥ ባለቤቱንም አሉታውንም በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ ልጁ የሚነካቸው የስክሪኑ ሣጥኖች በተሟላ ቃል መሞላት አለባቸው፤ «እፈልጋለሁ»፣ «አልፈልግም»፣ «በቃኝ»፣ «አመመኝ»። ለእናት «ስጪኝ»፣ ለአባት «ስጠኝ» ስለሚባል ሁለቱም ሣጥን ይኑራቸው። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት አፑ የግእዝ ፊደል በድምፅ ያነብ እንደሆነ በሙከራ ይረጋገጥ። ካላነበበ ድምፅ መቅዳት የሚያስችል አፕ ይመረጥ፤ የሚቀዳውም የእናት ድምፅ ሳይሆን የእኩያ ልጅ ድምፅ ይሁን። የስምንት ዓመት ሕፃን በትልቅ ሰው ድምፅ «አመመኝ» ሲል ለሰሚም ይከብዳል። ለሥዕሉ የስፔን አራጎን ክልል መንግሥት የሚያሠራጨው አራሳክ የተሰኘ የመግባቢያ ሥዕሎች ስብስብ ለንግድ እስካልዋለና ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ በነፃ ይገኛል፤ በዚህ በኩል በጀቱ ይቀልላል። የተቀዳው ሁሉ ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑረው። ስክሪን ይተካል፤ የወራት ቅጂ ሲጠፋ ግን ከዜሮ መጀመር ነው።

ውድቅ ከተደረገ ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅ። በቃል ለተነገረ «አይሆንም» ይግባኝ መጻፍ ያስቸግራል። «መሣሪያው ንግግሩን ያዘገይበታል» ለሚሉ፣ ተመራማሪዎቹ ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት የጥናቶች ግምገማ፣ ማስረጃቸው ጠንካራ ከነበረው 27 የእድገት እክል ያለባቸው ሰዎች ውስጥ የአንዱም ንግግር አልቀነሰም፤ 89 በመቶው ጥቂትም ቢሆን ጨምረዋል። «ገና ሕፃን ነው» ለሚለው፣ ለመጀመር መሟላት ያለበት ዕድሜ ወይም ቅድመ ችሎታ የለም። «የቅንጦት ዕቃ ነው» ከተባለ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ቅድሚያ ይሰጣቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 50 አጋዥ መሣሪያዎች ውስጥ የመግባቢያ ሰሌዳና የመግባቢያ ሶፍትዌር አሉበት። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 2 ላይ አማራጭ የመግባቢያ ዘዴዎችን ከመግባቢያ ቆጥሯቸዋል። ይግባኙ የተሰጠውን ምክንያት ብቻ ይመልስ፤ ሌላ ሐተታ ሲጨመርበት መልሱ ይጠፋል።

ከመፈረም በፊት ዕቃው የማን ንብረት እንደሚሆን ይጠየቅ። ትምህርት ቤት ከገዛው ማታና ክረምት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሊያድር ይችላል፤ ልጁ ቤት ይዞት እንዲሄድ፣ ትምህርት ቤት ሲቀይርም እንዲከተለው በጽሑፍ ይስማሙ።

ውሳኔው ወራት ቢፈጅ ልጁ በዝምታ መጠበቅ የለበትም። ሙከራው ላይ የነበረው ገጽ ታትሞ፣ ላሚኔት ተደርጎ ዛሬውኑ ይሰጠው። «በቃኝ» ስክሪኑ ላይ ከታች በቀኝ ጥግ ከነበረ ወረቀቱም ላይ እዚያው ይሁን፤ ጣቱ ቦታውን ለምዷልና። መሣሪያው ሲመጣም ወረቀቱ አይጣል፤ ባትሪው ባለቀ ቀን ይፈለጋል።

ከንግግር ሕክምናና ከልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያዎች