ከኮምቦልቻ እስከ ባሕር ዳር

ትዕግስትዬ፣ የኔ እህት፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማ ካረፉ ወዲህ ድምፄን አጠፋሁብሽ። ለቅሶ አልደረስኩሽም። በስልክ "ፈጣሪ ያጽናሽ" ብዬ ዘጋሁ፣ ከዚያ በኋላ መደወል አሳፈረኝ። ለእናቷ ለቅሶ ያልደረስኩላትን እህት ምን ብዬ ልደውልላት?

ያኔ ያቃተኝ መንገዱ ነበር። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ ዞሮ ባሕር ዳር። ሲደመር ከ450 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚያ ሰሞን ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሁለቴ መናኸሪያ ሄጄ ሁለቴ ተመለስኩ።

ባለፈው ልጄ የጂኦግራፊ የቤት ሥራ ስትሠራ ካርታውን አብሬያት አየሁት። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.1 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ የናንተ 11.6። አንቺ ከሞላ ጎደል በቀጥታ ወደ ምዕራብ ነሽ ማለት ነው። የአየር ርቀቱን በስልኬ ለካሁት፦ 267 ኪሎ ሜትር ገደማ! ከኮምቦልቻ እስከ አዲስ አበባም በአየር 250 ገደማ ነው። አዲስ አበባን ሁሌ ቅርብ፣ አንቺን ሁሌ ሩቅ አድርጌ ነበር የማስበው።

የአገር ውስጡ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ዳሽ 8 ኪው400፣ ከፍታውን ከያዘ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። እንደዚያ ከሆነ 267ቱ ከግማሽ ሰዓት በታች ነው። መነሳቱ፣ መውጣቱ፣ መውረዱ ጊዜ ስለሚበላ 45 ደቂቃ እንበለው። በቀጥታ ቢበር ከመቅደላ አምባ ብዙ ሳይርቅ ያልፋል፣ የበሽሎን ሸለቆ ይሻገራል፣ በስተቀኝ የጉና ተራራ ይታያል። ከዚያ ጣና። ሌሊት ተኝቼ ይሄን መስመር ስንት ጊዜ እንደሄድኩበት ብነግርሽ!

ትኬት ስጠይቅ ግን ያገኘሁት በቦሌ በኩል ነው። ኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሌላ 330። ወደ 580 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፣ ከቀጥታው እጥፍ በላይ። ሁለቱም በረራ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ቀኑን የሚበላው ቦሌ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር ልጁን የሚያስተምር፣ የሚታከም፣ የሚነግድ ስንት ሰው አለ። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቀጥታ በረራ ቢኖር ስንቱ ለቅሶውን ይደርስ ነበር።

ቢሆንም ቆርጫለሁ። ለእማማ ሙት ዓመት እመጣለሁ። ቀኑን ብቻ ላኪልኝ። የሀረጎን ቁልቁለት የምወርደው በሌሊት ነው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ያ ጠመዝማዛ ጉም ሲለብስ አይታመንም።

አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። እማማ መጨረሻ የመጡ ጊዜ ጋቢያቸውን እኔ ቤት ረስተው ሄዱ። "ስመጣ እወስደዋለሁ" አሉኝ በስልክ። ሳላጥበው አስቀምጬዋለሁ፣ አሁንም እሳቸውን እሳቸውን ይሸታል። ከሻንጣ ጋር አልሰጠውም፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የማመጣልሽ።

ያንቺው ዘይነብ
ከደሴ፣ ከጦሳ ሥር