ለአባዬ፦ ሐይቅ ዳር ስለሚማረው መርከበኛ

ለገሃር፣ አዲስ አበባ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ? እህቴ የናዝሬት ሙቀት ተስማምቶሃል ብላኛለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እሑድ ዕለት ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ልጄ ናቲ እራቱን ሳይበላ ተኛ። «በገበቴ ውስጥ ዋና የተማረ አለ? ጣና ዳር ምን ዓይነት መርከበኛ ነው የሚወጣው?» ያልከው አልወጣለት ብሏል። በስልክ እየተቋረጠ መመለስ አልሆነልኝም። ስለዚህ ምሳ ሰዓቴን ተቀምጬ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

በየጠዋቱ ከስታዲየም በኩል ወደ ሥራ ስመጣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ አያለሁ። ትዝ ይልሃል? ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ እዚህ አምጥተኸኝ፣ «ይኼ ሐዲድ ሄዶ ሄዶ ባሕር ላይ ነው የሚያልቀው» ብለኸኝ ነበር። ለእኔ ባሕር ማለት ለረጅም ጊዜ ለገሃር ነበር። አሁን ደግሞ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሕንፃም እዚሁ ሰፈር ነው። ወደብ የሌላት አገር መርከቦቿን ከዚህ ሆና ትመራለች።

እውነቱን ልንገርህ፣ ናቲ ባሕር ዳር ለመሠልጠን ሲያመለክት እኔም እንደ አንተ ተጠራጥሬ ነበር። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ሰው ድሮ መርከበኛ የሚሆነው እንዴት ነው? መቼ ነው ትምህርት ቤት የገባው? ያነበብኩት ሐሳቤን አስቀየረኝ።

ታላቁ ጴጥሮስ የሩሲያን የመጀመሪያ የባሕር ጉዞ ትምህርት ቤት በፈረንጆች 1701 ሲከፍት የት የከፈተው ይመስልሃል? ሞስኮ! ከየትኛውም ባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር የራቀች ከተማ። የወደብ ከተማዋ ፒተርስበርግ ገና አልተቆረቆረችም። ከብሪታንያ መምህራን አስመጣና ልጆቹን ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪና የመርከብ አመራር አስተማረ። ሩሲያ በባልቲክ በኩል የረባ ወደብ ሳይኖራት ነው ይኼ ሁሉ። ይኼን ሳነብ ብቻዬን «አባዬን!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያም በፊት አለ። ስፔን በ1503 የባሕር ንግዷን የሚመራውን መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው ሴቪያ ነው። ሴቪያ ደግሞ ከውቅያኖስ ራቅ ያለች የወንዝ ዳር ከተማ ናት። በ1508 ዋና አቅጣጫ መሪ ሆኖ የተሾመው አሜሪጎ ቬስፑቺ ነው፣ አሜሪካ በስሙ የተጠራችለት ሰውዬ። ሥራው ወደ አዲሱ ዓለም የሚሄዱትን መርከብ መሪዎች መፈተን ነበር።

ልቤ ያዘነው ግን በእንግሊዞች ነው። ያን ሁሉ መርከብ እያላቸው፣ ማንኛውም ባለ መርከብ የወደደውን ሰው ካፒቴን ማድረግ ይችል ነበር። ፈተና የለ፣ ወረቀት የለ። መርከብ በላይ በላዩ ሲሰጥም በ1836 ፓርላማው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ከምክንያቶቹ መካከል የካፒቴኖች ችሎታ ማነስና ስካር ተገኘ። እንዲያም ሆኖ ፈተና ግዴታ የሆነው በ1850 በወጣ ሕግ ነው። አሥራ አራት ዓመት! በዚያ መሀል ስንት እናት ልጇን አጣች?

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልህ። በ1786 ለንደን ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር አሮጌ መርከብ ገዝቶ ቴምዝ ወንዝ ላይ አቆመ። መልሕቋን ጥላ ከቦታዋ የማትነቃነቅ መርከብ ናት። የድሃ ልጆች እዚያው እየተኙ፣ እዚያው እየበሉ፣ ገመድ መቋጠሩን፣ ምሰሶ መውጣቱን ይማሩ ነበር። ከዚያ ነው ወደ እውነተኛው ባሕር የሚላኩት። እንግዲህ እሷም ገበቴ ናት አባዬ።

«ባሕሩ ራሱ ነው የሚያስተምር» የምትለውንም አልረሳሁም። ጀርመኖችም እንደ አንተ ያምኑ ነበር። የንግድ መርከብ መኮንን የሚሆን ልጅ መጀመሪያ በሸራ መርከብ ይፈተን ይሉ ነበር። ፓሚር የምትባል መርከባቸው በ1957 ከቦነስ አይረስ ገብስ ጭና ስትመለስ አትላንቲክ ላይ አውሎ ነፋስ መታት። አብዛኛው ገብስ በጆንያ ሳይሆን ልቅ ነበር የተጫነው። መርከቧ ስታዘነብል ገብሱ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተተ። ከ86 ሰው የተረፉት 6 ናቸው። ከሞቱት የሚበዙት ተማሪዎች ነበሩ፤ በናቲ ዕድሜ ያሉና ከእሱም የሚያንሱ። ባሕሩ ያስተምራል፣ እሺ። ግን ያስተማረውን ሁሉ አይመልስም።

አባዬ፣ ቁጣህ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስለኛል። ልጅ ሆኜ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ይገባኛል። በ1978 ለንደን ላይ አገሮች ተሰብስበው የመርከበኞች ሥልጠናና የብቃት ወረቀት በዓለም ሁሉ በአንድ ደረጃ እንዲሆን ተስማሙ። ስምምነቱ በ1984 ሥራ ላይ ዋለ፣ በእኛ 1976 መሆኑ ነው። አንተ በዚያን ጊዜ በውጭ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተህ ነበር። ዘይት ከመጥረግ ጀምረህ፣ ሞተሩን በጆሮህ ብቻ የምታውቅ ሰው። ከዚያ አንድ ወረቀት የያዘ ልጅ መጣና ከላይህ ተሾመ። «ፓምፑ ሳል ጀምሮታል» ስትለው አልሰማህም። ፓምፑ ባሕር መሀል ሲቆም ደግሞ ያስነሳኸው አንተ። ምስጋናውን እሱ ወሰደ። አገርህ ገብተህ ሳጥኑን አልጋ ሥር የከተትከው ያን ዓመት ነው። ተበድለሃል አባዬ። ማንም ይህን ብሎህ ስለማያውቅ እኔ ልበልህ።

ናቲ ግን ያ ልጅ አይደለም። አምስት ዓመት መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሯል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው ማሠልጠኛ ኢንጂነሮችን ተቀብሎ ስድስት ወር ያሠለጥናል። እሳት ማጥፋት፣ ውኃ ላይ ነፍስን ማትረፍ፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ከዚያ የመርከብ ሞተሩን። ሲጨርስ በካዴትነት፣ ማለትም በተለማማጅ መኮንንነት፣ መርከብ ላይ ይወጣል። መኮንን የሚሆነው በባሕር ላይ ጊዜውን ጨርሶ ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። ያኔ ከጎኑ የሚቆመው ማን ነው? ሳያፍር የሚጠይቀው፣ ልክ እንደ አንተ ያለ የሞተር ክፍል አዛውንት ቢገጥመው ምንኛ በታደለ!

ምፅዋ ላይ ስለ «ኢትዮጵያ» መርከብ የነገርከኝ ትዝ ይለኛል። ከአሜሪካ በእኛ በ1954 ዓ.ም. የመጣችው፣ የባሕር ኃይሉ ካዴቶች የሚለማመዱባት። ነጭ ለብሰው ተሰልፈው ስታያቸው አፍህን ከፍተህ ቀረህ አይደል? አንተም እንደ እነሱ መማር ትፈልግ ነበር፣ እማዬ ነግራኛለች። እሷ መርከብም በእኛ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ እዚያው ቀረች፣ ኋላም ለብረት ተሸጠች። ጣና ዳር የሚማሩት ልጆች እንግዲህ ከዚያ የተረፉልን ናቸው።

ናቲ ማክሰኞ ነው የሚበረው። ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት በመኪና መጥቶ ይወስድሃል፣ እምቢ እንዳትለው። አልጋውን ታች ቤት አንጥፌልሃለሁ፣ ደረጃ የለውም። የጎረቤታችን የውኃ ፓምፕ ከሰሞኑ ይንጫጫል። ናቲ ቀበቶው ነው ይላል። እኔ ኩሽኔታው ይመስለኛል፣ አንተ መጥተህ ስማው።

ሳጥኑንም ይዘህ ና። ጥቁር ሽፋን ያላትን፣ የሞተሮቹን ድምፅና ብልሽት የጻፍክባትን ደብተር ናቲ አይቷት አያውቅም። ለመጠየቅ ፈርቶህ ነው።

ልጅህ