የእድራችን አዳራሽ ጣሪያ ሰኔ ሳይገባ መቀየር አለበት

ሰላም ጎረቤቶች፤ ከሰፈር ወጥታችሁ ሩቅ ያላችሁም ሰላም።

ባለፈው ሐምሌ አዳራሹ ውስጥ ለቅሶ የተቀመጣችሁ ታስታውሳላችሁ። የእድሩ ዳኛ ቤተሰቡን ሊያጽናኑ ተነሡ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ማንም ሳይሰማቸው መልሰው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ በሚስማሩ ቀዳዳ የገባው ውኃ ፍራሽ ላይ ያሉትን እናቶች አስነሣቸው። ይሄ ጣሪያ ሌላ ክረምት አያሳልፍም ያልነው ያን ቀን ነው።

ብዙዎቻችሁ «ካልቀረ በጣሪያ ሸክላ ይሁን» ብላችኋል። ሸክላ ከሆነ ብቻ እናዋጣለን ያላችሁም አላችሁ። ሐሳቡ እኔንም ማርኮኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሸክላ የዝናቡን ጩኸት ያበርደዋል። የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድም ቶሎ አያስገባም፤ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ሜዳ ላይ በኅዳር ለቅሶ ያደረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አይዝግም። በደንብ ከተሠራ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፣ አንዱ ቢሰበር ደግሞ እሱን ብቻ አውጥቶ መተካት ነው።

ያስቆመን ክብደቱ ነው። የአዳራሹ ጣሪያ ከነተዳፋቱ ወደ 190 ካሬ ይሆናል። ሸክላ እንደ ዓይነቱ በካሬ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ በ45 እንኳ ብንይዘው ከ85 ኩንታል በላይ ግድግዳው አናት ላይ እንጭናለን ማለት ነው፣ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ይጨምራል። ቆርቆሮ በካሬ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ሁሉም ተደምሮ 8 ኩንታል አይሞላም።

የኛ ግድግዳ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) የሌለው ብሎኬት ነው፣ ጣሪያውን የያዘው የባህር ዛፍ አጠና ነው። መሬቱም መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ከበሩ በላይ ያለውን ስንጥቅ ሁላችሁም አይታችሁታል። እዚያ ላይ ሸክላ ለመጫን መሠረቱ ተቆፍሮ ኮለንና ቢም (የኮንክሪት አግዳሚ) መቆም፣ እንጨቱ በሙሉ መቀየር፣ ተዳፋቱም ከፍ ማለት አለበት፤ አሁን ባለው ዝቅ ያለ ተዳፋት ነፋስ የገፋው ዝናብ በሸክላው መጋጠሚያ ሥር ይገባል። ይሄ ጣሪያ መቀየር አይደለም፣ አዲስ አዳራሽ መሥራት ነው።

(ለራሱ ቤት ሸክላ ያሰበ ካለ፣ ከመሠረቱ ለክብደቱ ታስቦ ከተሠራ እሰየው። ዲሽ ሊያስተካክል የሚወጣውን ሰው ብቻ ተጠንቀቁ፤ ያለ ቦታው ከረገጠ ይሰብረዋል።)

ስለዚህ ወፍራም 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ በሚስማር ፋንታ ጎማ ባለው ብሎን የሚታሰር፣ ከሥሩ ድምፅ የሚያፍን ፎምና ኮርኒስ ይሁን ብለናል። ዙሪያውን አሸንዳ ይኖረዋል። አሸንዳውን እንደ ጌጥ አትዩብን፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ መሠረቱ ሥር እየገባ መረሬውን ባያሳብጠው ኖሮ ያ ስንጥቅ እንዲህ ባልሰፋ ነበር። ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ ከዚህ ጣሪያ 1,500 ሊትር ያህል ይሰጠናል። ሮቶ ብናስቀምጥ ለለቅሶ ቤት ዕቃ ማጠቢያ ጀሪካን ተሸክመን አንሮጥም።

የአባላት መዋጮ እንጨቱንና የአናጺውን ክፍያ ይሸፍናል። የጎደለን ቆርቆሮው፣ ኮርኒሱ፣ አሸንዳውና ሮቶው ነው። የቻለ አሥር ቆርቆሮ፣ ያልቻለ አንድ፤ ሦስት ጎረቤት ተጋግዛችሁ አንድ ብትገዙም ደስ ይለናል። ወጣቶች አሮጌውን ለማውረድ ጉልበታችሁን እንፈልጋለን። ለሸክላ ቃል የገባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ያን ብር ወደ ፎሙና ኮርኒሱ አዙሩልን፤ የፈለጋችሁትን ጸጥታ የምናገኘው ከዚያ ነው።

ገንዘብ የሚገባው በእድሩ ሒሳብ ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ይሰጣል፣ የተገዛው ዕቃ ደረሰኝም በሩ ላይ ይለጠፋል። ሥራው ግንቦት ላይ ካልተጀመረ ዝናቡ ይቀድመናል። እሁድ ከ4 ሰዓት ጀምሮ አዳራሹ ግቢ ውስጥ ነን፤ አናጺውም ይኖራል፣ ስለ ሸክላው ጥያቄ የቀራችሁ መጥታችሁ እሱኑ ጠይቁት።