የጥርስ ራጅ የልደት ቀን አይነግረንም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በመንጋጋ ጥርስ ራጅ የሰውን ዕድሜ ስለመገመት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። ራጁ ዕድሜን በትክክል ይናገራል መባሉ ግን አልተዋጠልኝም። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ እንዲህ ያለ ራጅ ማየት የዕለት ሥራዬ ነው።

ዘዴው ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ፊትና ጢም አይቶ ከመፍረድ በብዙ ይሻላል። የ13 ዓመት ልጅን ከ22 ዓመት ወጣት በደንብ ይለያል። የሚቸገረው 17 እና 19 ላይ ነው። ልጅ ነው ወይስ አዋቂ የሚለው ጭቅጭቅ የሚነሳው ደግሞ እዚያው ላይ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅነትን የሚያበቃው 18 ላይ ስለሆነ።

የጥበብ ጥርስ የሚባለው የመጨረሻው መንጋጋ የተመረጠው አማራጭ ስለጠፋ ነው። የሌሎቹ ቋሚ ጥርሶች ሥር 16 ዓመት ገደማ ላይ አድጎ ያበቃል። የእሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 25 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ችግሩ፣ አፋችን ውስጥ እንደ እሱ ጠባዩ የማይጨበጥ ጥርስ የለም። አንዳንዱ ሰው ላይ ጭራሽ አይፈጠርም። አንዳንዱ ላይ አጥንት ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል። የግራውና የቀኙ እንኳ እኩል የማያድጉበት ጊዜ አለ።

ባለሙያው ሙሉውን መንጋጋ የሚያሳይ ፓኖራሚክ ራጅ ያነሳና ለጥርሱ እድገት ደረጃ ይሰጣል። በብዛት የሚሠራበት ዴሚርጂያንና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ 8 ደረጃ መለኪያ ነው። መጀመሪያው የጥርሱ ጫፎች መጠጠር ሲጀምሩ፣ መጨረሻው የሥሩ ጫፍ ሲዘጋ ነው። ጣሊያናዊው ካሜሪዬሬና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. የሥሩን ጫፍ ክፍተት ለጥርሱ ርዝመት ማካፈልን አመጡ። ውጤቱ ከ0.08 በታች ከሆነ ሰውየው 18 ሞልቶታል ተብሎ ይገመታል።

ይገመታል ነው ያልኩት። ሚንሰርና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ ወጣቶች ላይ ባወጡት ጥናት፣ የታችኛው ጥርሱ የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ ወንድ 18 የሞላው የመሆን ዕድሉ 90 በመቶ ገደማ ነበር። ጥሩ ቁጥር ይመስላል። ግን ከ10 አንዱ ገና ልጅ ነው ማለት ነው። ያውም ይህ ቁጥር የጥናቱ ተሳታፊዎች ከየትኛው ዕድሜ ምን ያህል እንደነበሩ ላይ ይመሠረታል። ሥሩ ስላልተዘጋ ብቻም ልጅ ነው ማለት አይቻልም፤ የ20 ዓመት ሰው ሥር ክፍት ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም።

ስህተቱ በሁለቱም በኩል ነው፤ ክብደቱ ግን አንድ አይደለም። ልጅ ሆኖ ከአዋቂ ጋር የታሰረ ሰው የሚደርስበትን አስቡት። በጀርመን የተመሠረተው የዕድሜ ምርመራ ባለሙያዎች ቡድን አማካይ ዕድሜን ትቶ ዝቅተኛውን ዕድሜ መያዝን የሚመክረው ለዚህ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ የተገኘው ትንሹ ሰው ስንት ዓመቱ ነበር? መነሻው ይህ ነው። ጥርሱም ብቻውን አይበቃም፤ የአካል ምርመራ፣ የእጅ ራጅ፣ ካስፈለገም ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ሲቲ ስካን ይጨመርበታል።

ስለ ጨረሩ የጻፋችሁት ስጋት ትንሽ ተጋኗል። አንድ ፓኖራሚክ ራጅ ከአካባቢያችን በተፈጥሮ የምናገኘውን የጥቂት ቀናት ጨረር ያህል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ፈቃዱ ነው። ራጁ የሚነሳው ለልጁ ጤና አይደለም። በብሪታኒያ የ2022ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት በጥገኝነት ጠያቂው ተአማኒነት ላይ እንዲታሰብበት ፈቅዷል። እምቢታው የሚያስቀጣ ከሆነ እሺታው ምኑን እሺታ ሆነ? የአገሪቱ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም ራጁን ለዚህ ጉዳይ መጠቀምን ሲቃወም ቆይቷል።

በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ዜና ስትሠሩ፣ ባለሙያው «19 ዓመቱ ነው» ብሎ እንዲያልፍ አትፍቀዱለት። ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል ጠይቁት። ያመሳከረበት ሠንጠረዥ በየትኛው ሕዝብ ላይ የተሠራ እንደሆነም ይንገራችሁ፤ የጥርስ እድገት ፍጥነት ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጥርስ ሐኪም