ጢሱ የጠፋበት ጢስ አባይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እኔና ባለቤቴ በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ከባህር ዳር ጢስ አባይ ሄድን፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት ብለን ዘና ብለን ነው የወጣነው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳብን፣ ትርፉም ነፋስ የለው፣ ጎሚስታ እስኪገኝ ረፋዱ አለቀ በቃ።

ደርሰን አሮጌውን የድንጋይ ድልድይ ተሻገርን (ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው፣ የኛ ጎማ አንድ አመት አልቆየም)። ዳገቱን ወጥተን ስናይ ከዛ ሁሉ ገደል ላይ አንድ ቀጭን ውሃ ብቻ እንደ ነጠላ ጥለት ተንጠልጥላለች። ባለቤቴ በልጅነቷ ክረምት ሲወጣ ነበር ያየችው፣ ጢሱ ከሩቅ ልብስ ያረጥብ ነበር ትላለች፣ ዝም ብላ ቆመች። በስልክ ያነጋገርነው አስጎብኚ ግን "ሙሉ ነው ኑ" ነበር ያለን!

ውሃው ለመብራት እንደሚሄድ እናውቃለን፣ ጣና በለስም ከ2002 ጀምሮ ከሀይቁ ይወስዳል፣ እሱን አልቃወምም፣ መብራት ሲጠፋ የምጮኸው እኔው ነኝ። የምለው መነሃሪያው ላይ "ዛሬ ውሃው ይሄን ያህል ነው" የሚል አንድ ሰሌዳ ይሰቀል ነው፣ እንግዳ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳያፍር።

ባለቤቴ እዛ ከሚሸጡት ልጆች አንዲት ቅል በ150 ብር ገዛች፣ ለመስከረም እንመለሳለን ብላለች፣ ትርፍ ጎማውን አስነፍቻለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር