የክሊቪያ ዘር ፀሐይ ላይ አይሰጣም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቤት ውስጥ አበቦች በወጣው ጽሑፍ፣ ማንኛውም የአበባ ዘር ከመዘራቱ በፊት ፀሐይ ላይ በደንብ መድረቅ እንዳለበት ተመክሯል። ምክሩ ለሱፍ አበባና ለመሳሰሉት ትክክል ቢሆንም የክሊቪያን ዘር ግን የሚገድል ስለሆነ፣ እርማት እንዲወጣለት ይህን ደብዳቤ ከሱሉልታ ጽፌአለሁ።

ክሊቪያ በደቡብ አፍሪካ በጫካ ጥላ ሥር የሚበቅል ተክል ነው። ፍሬው ቀልቶ እስኪበስል 9 ወር ያህል ይፈጃል፤ በውስጡ ያለውም ዘር እንደ ባቄላ ደርቆ የሚቀመጥ ሳይሆን እርጥበቱን እንደያዘ የሚዘራ ነው። እኔ ራሴ በ2011 ዓ.ም. 14 ዘር ሰፌድ ላይ አስጥቼ ሁለት ሳምንት ካቆየሁ በኋላ ብዘራው አንዱም አልበቀለልኝም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ፍሬውን ፈልፍዬ፣ በዘሩ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን አጥቤ አስለቅቄ፣ በዚያው ዕለት እርጥብ አሸዋ ላይ ግማሽ ጎኑ እስኪቀበር ብቻ ተጫንኩትና ጣሳውን ከሌሊቱ ብርድ ለማዳን ማድ ቤት መስኮት ሥር አኖርኩት። በስድስተኛው ሳምንት ነጭ፣ ወፍራም ሥር ብቅ አለ። ሥሩ አሸዋው ውስጥ መግባት አቅቶት ዘሩን ወደ ላይ ያነሣው ስለነበር፣ በስንጥር ትንሽ ቀዳዳ እያበጀሁ ጫፉን ወደ ታች መምራት ነበረብኝ።

ከዘር የበቀለ ክሊቪያ እስኪያብብ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል፤ ቀለሙም እናቱን ላይመስል ይችላል። ቡቃያው ገና አንድ ቅጠል ሳለ ግርጌው ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀይ ከሆነ አበባው ብዙውን ጊዜ ብርቱካናማ፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ቢጫ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። የእናቲቱን ቀለም ሳይለወጥ የሚፈልግ ሰው ከጎኗ የሚወጣውን ልጅ ነጥሎ ይትከል። ይሁንና ልጁ አራት አምስት ቅጠልና የራሱን ሥር ሳያወጣ መነካት የለበትም። አበባው ካለፈ በኋላ በንጹሕ ቢላዋ ተነጥሎ፣ ቁስሉ ላይ የከሰል ዱቄት ተነስንሶ፣ አንድ ሁለት ቀን ከጠገገ በኋላ ይተከላል። የአካባቢያችን መረሬ አፈር ውሃ ቋጥሮ ሥር ስለሚያበሰብስ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል ሊቀላቀልበት ይገባል። ተክሉ መርዛማ በመሆኑም ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ፍሬ የቋጠረ ክሊቪያ በቤታቸው ያለ አንባቢዎቻችሁ ዘሩን ፀሐይ ላይ ሳያሰጡት፣ እርማቱ በሚቀጥለው እትም እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከሱሉልታ